ጋቢው ጆሮ ሲሸፍን

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ አመሻሽ። የባጃጅ መብራት በጉም ውስጥ።]

ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እህትና ወንድም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አሁን ከሚኒባስ ወረዱ። እሷ ባጃጁ ውስጥ ከመግባቷ በፊት የጎን ቁጥሩን አየች። ቁጭ ስትል እናቷ ጋ ደወለች። «እማዬ፣ ደርሰናል፤ ባጃጅ ይዘናል።» ጮክ ያለችው ሹፌሩም እንዲሰማ ነው።

እሱስ? ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ኢርፎን ሰክቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ብርዱን አልክድም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ አያውቅም። ግን ልጁ ከኋላው አይሰማም፣ ጎኑን አያይም።

[ምስል፦ የአንጎል ሥዕል።]

ሴት ፈሪ፣ ወንድ ደፋር ይባላል። ሰውነት ግን ይህን አያውቅም። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ክፍል አለ። አደጋ ሲሸተው እኛ ገና ሳናስብ ደወሉን ይደውላል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ መዳፍ ያልበዋል። ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው።

ከዚያ አንዱ ይጋፈጣል፣ አንዱ ይሮጣል። ሦስተኛም አለ፤ ደርቆ መቅረት። እግር አይነሳም፣ ድምፅ አይወጣም። «ታዲያ ለምን አልጮኸችም?» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ወንዱም ይደርቃል፤ የማይታወቀው ስለማያወራው ነው።

[ምስል፦ መንዝ፣ የበግ መንጋ።]

ታዲያ እህትየው ንቁ የሆነችው ለምንድን ነው? የመንዝ እረኛን እዩት። ቀበሮውን ከማየቱ በፊት በጎቹን ያያል። አንዷ መጋጥ አቁማ ጆሮዋን ካቆመች እሱም ይነሳል። ይህን ይዞ አልተወለደም፤ ሲጠብቅ የለመደው ነው። እሷንም ከልጅነቷ ጀምሮ «አታምሺ፣ ብቻሽን አትሂጂ» ሲሏት አድጋለች። እኔን እናቴ «ብርድ እንዳይመታህ» ብቻ ነበር የምትለኝ።

አሁን ቁጥሩን ስሙ። የተባበሩት መንግሥታት ጥናት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከተገደሉት ሰዎች ከ100 ወደ 80 የሚጠጉት ወንዶች ናቸው። ከተገደሉት ሴቶች ደግሞ ከ100 58ቱን የገደላቸው የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ፣ አለዚያም ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ባጃጁን የፈተሸችው ልጅ የምትፈራው መንገዱን ነው፤ የሚብሰው አደጋ ግን ቤት ሊጠብቃት ይችላል። ስልኳን የሚበረብር፣ ከጓደኞቿ የሚነጥላት ፍቅረኛ ካለ ሆዷ የሚላትን ትስማ። «ስለሚወድሽ ነው» የሚሉ አይጠፉም።

ወንዱስ? አረቄ ቤት አንድ ሰው ሰደበው እንበል። ዱላው አጠገቡ ነው፤ ጓደኞቹ ያዩታል። «ተሰድቦ ዝም አለ» እንዳይባል ይነሳል። እዚህ ላይ ነው ደወሉ የሚጠቅመው። ልቡ ሲደልቅ ሂሳቡን ከፍሎ ይውጣ። በማግስቱ ቢስቁበትም ይሳቁ።

[ምስል፦ ስልክ የሚያበራው ፊት፤ ዙሪያው ጨለማ።]

ስለ ስልክ አንድ ነገር ልጨምር። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደማቅ ስክሪን ግን ይህን ባፍታ ያጠፋዋል። መደወል ካለባችሁ ሱቁ መብራት ሥር ቆማችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ መንገድ ጀምሩ።

[ምስል፦ ባጃጁ ቆሟል።]

ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያለው በእግር ነው። «ጆሮህን ግለጥ» አለችው። አጉረመረመ፤ ጋቢውን ግን ትከሻው ላይ ጣለ። ከኋላቸው ኮቴ ይሰማል። ሁለቱም ዞሩ።

የጎረቤት ውሻ ነው።