ኮሽ ሳይል መውጣት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

የምሠራው አየር ማረፊያ ነው። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ 11 ሰዓት ላይ ቦታዬ መገኘት አለብኝ፤ ሰርቪሱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ይደርሳል። ባለቤቴ መምህር ነው። እስከ 12 ሰዓት ተኩል መተኛት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ስለሆነ መተኛትም አለበት። ግን ኮሽ ካለ ይነቃል። አንዴ ከነቃ ደግሞ እንቅልፍ ተመልሶ አይወስደውም።

ቤታችን ስቱዲዮ ነው። ይህን ሳልነግራችሁ ሌላው አይገባችሁም። "ሳሎን ሄደሽ ልበሽ" የሚሉኝ አሉ፤ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ያው አንዱ ክፍል ነው። በር ዘግቼ መብራት የማበራበት ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያቋርጠው የድምፅ ትልቅነት ይመስለዋል። እኛ ቤት እንዲያ አይደለም። በበዓል ዋዜማ የደብሩ ማኅሌት በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ያድራል፣ የሰፈሩ ውሾች ሲጮኹ ያድራሉ፣ እሱ ይተኛል። እኔ ፌስታል ስነካ ግን ዓይኑ ይከፈታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅን ድምፅ ጆሮ ይለምደዋል። ጸጥታ መሀል ድንገት፣ ያውም ከዚያው ክፍል የሚመጣው ነው የሚቀሰቅሰው።

ይህን ጉዳይ ሳነብ አንድ ጥናት አገኘሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1960 የታተመ፣ ኢያን ኦስዋልድ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው። ለተኙ ሰዎች ብዙ ስሞችን እየቀዱ ያሰሟቸዋል። የተኛው ሰው አንጎል ከሌላ ሰው ስም ይልቅ የገዛ ስሙ ሲጠራ አብልጦ ምላሽ ይሰጣል። ተኝተን እየመረጥን እንሰማለን ማለት ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሌላም አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ሀርቫርድ ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አስተኝተው ስፒንድል የሚባሉትን አጫጭር የአንጎል ሞገዶች ለኩ። ከዚያ የስልክ ጥሪ፣ የመኪና ድምፅ እያሰሙ ማን ቶሎ እንደሚነቃ አዩ። ስፒንድል የሚበዛላቸው ሰዎች ድምፁን ተቋቁመው ተኙ። ብዛቱ ከሰው ሰው ይለያያል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ "ለምን አይለምደውም?" የሚለውን ጥያቄ ከቤቴ አስወጣሁት። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ነጭናጫ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። በዚያ ላይ ሰዓቱም አያግዘውም። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወደ ንጋት ሲጠጋ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ሕልሙ ይበዛል። 4 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው እኔ በምነሳበት ሰዓት አብዛኛውን ጥልቅ እንቅልፍ ጨርሷል።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ የማታ ነው። ዩኒፎርሜ፣ የውስጥ ልብሴ፣ ማበጠሪያዬ፣ ቅባቴ፣ ሁሉም ከመተኛቴ በፊት መታጠቢያ ቤት ይገባል። ቁምሳጥን ሌሊት አይከፈትም። የቦርሳዬ ዚፕ ክፍት ሆኖ ያድራል። ምሳዬ ከፌስታል ወጥቶ የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሻዩ ማታ ይፈላና ፔርሙዝ ውስጥ ይሆናል። የቤቱን ቁልፍ ከሌሎቹ ቁልፎች ለይቼ ለብቻው አደርገዋለሁ፤ እርስ በርስ ሲጋጩ የሚያሰሙትን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ወለላችን ሴራሚክ ስለሆነ ነጠላ ጫማ የለም፣ በካልሲ ነው የምሄደው። የብረት በራችን ማጠፊያ የስፌት መኪና ዘይት ይጠጣል። ስዘጋው ደግሞ በእጀታው ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ወደ ራሴ ስቤ ይዤ ነው ቁልፉን የማዞረው፤ እንዲያ ሲሆን ምላሱ አይንኳኳም።

ውሃው ለብቻው ይወራለት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ፈረቃችን ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ቧንቧ ተከፍቶ ካደረ መጀመሪያ አየሩ እየጮኸ ይወጣል፣ ቀጥሎ ውሃው ባዶ በርሜል ላይ ይወርዳል። የሚያስደነግጥ ነው። አሁን ጎማ ሰክተን ጫፉን ከበርሜሉ ግርጌ እናደርሰዋለን፣ በርሜሉ ውስጥም ትንሽ ውሃ እናስቀራለን፤ ውሃው ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፅ የለውም። ለፊቴ መታጠቢያም ማታ በጆግ ቀድቼ አስቀምጣለሁ።

ስልኬን ኮመዲኖ ላይ አላሳድርም። ቫይብሬት ላይ ያለ ስልክ እንጨት ላይ ሲሆን እንጨቱ ከበሮ ይሆናል። እጄ ላይ የማስረው፣ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት ገዝቻለሁ። ዘንድሮ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። "ትንሽ ልቆይ" ብሎ አላርም እያራዘሙ መተኛት ግን አጠገባችሁ ሰው ካለ አይገባም። እናንተ መልሳችሁ ትተኛላችሁ፤ እሱ ቀጣዩን እየጠበቀ ያፈጣል።

ብርድ ልብሳችንም ሁለት ነው። እኔ ስነሳ የእሱ አይገፈፍም፣ ብርድ አይገባበትም። እናቱ ሊጠይቁን መጥተው አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?" አሉ። እኛ ሀገር መኝታ መለየት የጠብ ምልክት ነው፤ ሽማግሌ የሚጠራበት ነገር ነው። ደንግጠው ነበር፣ አልፈርድባቸውም። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። "እንዲያ ከሆነ ጋቢ እልክልሻለሁ" ብለው ሄዱ፤ ላኩልኝም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚነቃባቸው ሌሊቶች ነበሩ። አሁን ወደዚያች ወደ ያዛችሁልኝ ነገር ልመለስ። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 የወጣ፣ ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ። "12 ሰዓት ላይ እንቀሰቅሳችኋለን" ተብለው የተኙ ሰዎች፣ ከመነሻቸው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሰውነትን ለመንቃት የሚያዘጋጀው፣ ኤሲቲኤች የሚባለው ሆርሞን ደማቸው ውስጥ ከፍ ማለት ጀመረ። ሰውነት ተኝቶ ሰዓት ይጠብቃል። እኔም ከሰዓቴ ቀድሜ የምነቃባቸው ቀናት አሉ። እና "ይሄ ሰውዬ የእኔን ሰዓት ይዞ ይሆን እንዴ?" ብዬ አሰብኩ። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ጠየቅኩት።

"በሩ ሲዘጋ መስማት እፈልጋለሁ" አለኝ። "ከዚያ ሰርቪሱ ሲነሳ። ካልሰማሁ ወጥተሽ ይሁን ደረጃ ላይ ወድቀሽ ይሁን አላውቅም።"

የደረጃችን መብራት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ እውነቱን ነው። እኔ ድምፅ በቀነስኩ ቁጥር እሱ ጆሮውን አብልጦ ያቆማል። እኔ ማጠፊያ ዘይት ስቀባ እሱ የሚጠብቀውን ምልክት እያጠፋሁበት ነበር። በዚያ ሌሊት ውስጥ ለእሱ የገዛ ስሙን ያህል ትርጉም ያለው ድምፅ የእኔ መውጣት ነው።

ስለዚህ ተነጋገርን። ሰርቪስ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ አጭር መልእክት እልክለታለሁ፤ ስልኩ ድምፅ አልባ ነው፣ ድንገት ከነቃ ያየዋል፣ ካልነቃ ጠዋት ያነበዋል። የግቢው ጥበቃ አባባ ደግሞ እስክሳፈር በባትሪ ያበሩልኛል፤ ይህን ባለቤቴ ራሱ ሄዶ ነው የለመናቸው። ሹፌሩ ሚስኮል ማድረግ ትቷል፣ እኔም ሳላስጠብቀው ቀድሜ እወርዳለሁ። የሚጠብቀውን ነገር ማወቁ ከዘይቱም ከካልሲውም በላይ አስተኝቶታል፤ ቢያንስ እሱ እንዲህ ይለኛል፣ ጠዋት ፊቱን ሳየውም አምነዋለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተግባባንም ነበር። ሰርቪሱ የሚቀርበት ቀን አለ፣ ያን ጊዜ እስከ አስፋልቱ በእግር ነው። እኔ "ተኛ፣ እሄዳለሁ" እላለሁ፤ እሱ "ጨለማ ውስጥ ብቻሽን አትሄጂም" ይላል። በመጨረሻ በእሱ ሐሳብ ተስማማሁ። በእነዚያ ቀናት እቀሰቅሰዋለሁ። መብራቱን አበራለሁ፣ ሻዩን ለሁለታችን እቀዳለሁ፣ ጃኬቱን ደርቦ ታክሲ ያሳፍረኛል።

በሉ፣ በቀጣዩ ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።