ሞት አፋፍ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች፦ «ሁሉም ይድናል» ማለት ይቻላል?

ብሩክ፦ ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ሞት አፋፍ ደርሰው ስለተመለሱ ሰዎች ነው የምናወራው፣ ያዩት ነገር ሁሉም ሰው ይድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ምን ይላል...

ሄለን፦ ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ የአጎቴን ልንገራቸው።

ብሩክ፦ ውይ እሱን ታሪክ! ንገሪያቸው በናትሽ።

ሄለን፦ አጎቴ ልባቸው ቆሞ ሐኪሞቹ በስንት ትግል ነው የመለሷቸው። እና ሲነቁ እኛ ብርሃን አየሁ ምናምን ይሉናል ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ቱግ ብለዋል! ለምን መሰለህ፣ በውርስ ተጣልተው እስኪሞት ድረስ ያላናገሩት ዘመድ አላቸው፣ እዛ የጠበቃቸው እሱ ነው፣ ያውም ፊቱ እየበራ። «እሱ እዚያ ምን ይሠራል?» ይላሉ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ።

ብሩክ፦ (ሳቅ) ለመጣው ሁሉ!

ሄለን፦ ለነርሷ ሳይቀር! በኋላ ግን ዝም ዝም አሉ፣ ከዛ የሰውዬውን ልጅ አስጠርተው ይቅርታ ጠየቁት፣ ተላቀሱ። እኔን የያዘኝ ብርሃኑ ወይ ዋሻው ሳይሆን ይሄ ነው። እሱ እንኳን አይገባም ያልነው ሰው ቀድሞን ገብቶ ቢሆንስ?

ብሩክ፦ ግን ሄሉዬ፣ ልብ ሲቆም አንጎል ኦክስጅን ያጣል፣ የሚያውቁትን ፊት ቢያሳያቸው ምን ይገርማል?

ሄለን፦ ፒም ቫን ሎመል የሚባል የሆላንድ የልብ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ጥናት አለ፣ ልባቸው ቆሞ የተመለሱ 344 ሰዎች ናቸው፣ ኦክስጅን ብቻ ቢሆን ሁሉም ያዩ ነበር እኮ፣ አየን ያሉት ግን 62 ናቸው፣ ልባቸው ብዙ ቆመ ትንሽ ቆመ ልዩነት አላመጣም።

ብሩክ፦ እሺ፣ ያ ግን ሁሉም ይድናል አያሰኝም። ጨለማና ስቃይ አይተው የተመለሱም አሉ፣ ማቴዎስ 25፥46 ደግሞ የዘላለም ቅጣት ብሎ ቁልጭ አርጎ ነው ያስቀመጠው።

ሄለን፦ እሱን አልዘለውም። ግን ሃዋርድ ስቶርምን እይ፣ የሥዕል ፕሮፌሰር ነው፣ እግዚአብሔር የለም የሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፓሪስ ታሞ ጨለማ ውስጥ ገባሁ አለ፣ እዛ ያሉት ፍጡራን ሲቦጫጭቁት ኢየሱስ አድነኝ ብሎ ጮኸና ወጣ፣ ኋላም ፓስተር ሆነ። ጨለማውን ካመንነው መውጫውንም እንመን እንጂ!

ብሩክ፦ እሱ ግን ተመልሷል፣ ሞቶ አልቀረም። ጨርሶ የሞተው ሰውስ?

ሄለን፦ እሱ ከባድ ነው። ግን ብሩኬ፣ ብዙዎቹ የሚሉት እኮ ሕይወታችን በሙሉ ፊታችን አለፈ፣ ሰው ላይ ያደረስነው ህመም በዛ ሰው ቦታ ሆነን ተሰማን ነው። ይሄ ማምለጥ አይደለም፣ ፍርድ ነው! መነኩሴው ማር ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በገሃነም ያሉት በፍቅር ጅራፍ ነው የሚገረፉት ያለው ለእኔ ይሄ ነው። ጅራፉ ፍቅር ከሆነ ደግሞ ዓላማው ማዳን ነው።

ብሩክ፦ ጅራፉን እቀበላለሁ። ግን እምቢ የሚል ሰው አለ፣ በግድ አይገባም። ተስፋ አርጊ፣ እርግጠኛ ግን አትሁኚ።

ሄለን፦ ለዘላለም እምቢ ማለት የሚችል ሰው አለ? እኔ አይመስለኝም። የኒሳው ጎርጎርዮስም ክፋት በመጨረሻ ይጠፋል ብሎ ጽፏል፣ እስከዛሬ ቅዱስ ነው የሚባለው።

ብሩክ፦ ሁሉም ይድናል ብሎ ያስተማረው የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር ኦሪጀን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ553 ቁስጥንጥንያ ጉባኤ ላይ ተወግዟል፣ እሱንም ንገሪያቸው!

ሄለን፦ እነግራቸዋለሁ፣ ግን ሰዓታችን አልቋል፣ ኦሪጀን ሙሉ ኤፒሶድ ይፈልጋል። ሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ ጻፉልን፣ በተለይ ማንን እንዳገኙ።