የላላው መስታወቱ ነው ወይስ ቦዲው?

አዘጋጇ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ ጋሼ ሊስቁብኝ ነው የመጡት።

ጋሼ፦ ኧረ እኔ መቼ ሳቅሁ? ገና አልጀመርሽም እኮ።

አዘጋጇ፦ ሳልጀምር ነው የሳቁት፣ አይቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተርሆም አለኝ። ለማያውቀው ሰው፣ ቤትና መኪና በአንድ ላይ ማለት ነው። ከኋላ አልጋና ምድጃ፣ ከፊት መሪ። ፊቱ እንደ አውቶቡስ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። አንድ ቀን እየነዳሁ፣ ከፊት መስታወቱ በቀኝ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን ፉጨት። ፍጥነት ስቀንስ ይጠፋል፣ ስጨምር ይመለሳል።

ጋሼ፦ አንቺም ሙዚቃውን ከፍ አደረግሽ።

አዘጋጇ፦ በምን አወቁ?

ጋሼ፦ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አዘጋጇ፦ ከዚያ ዝናብ መጣ። ጠዋት ስነሳ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ምንጣፍ ርሷል። ወጥቼ ያንን ጥግ በመዳፌ ጫን ሳደርገው መስታወቱ ወደ ውስጥ ገባ አለ። እጄን ሳነሳ ተመልሶ ወጣ። ልክ እንደሚነቃነቅ ጥርስ። በቃ፣ ሲሊኮን ገዛሁና ዙሪያውን ለቀለቅሁት።

ጋሼ፦ አሁን ልሳቅ?

አዘጋጇ፦ ይሳቁ፣ ተፈቅዷል።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሲሊኮን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ አንዴ ያረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ማጣበቂያ እሺ ብሎ አይዝም። ዩሬቴን የሚባለው ትክክለኛው የመስታወት ማስቲሽ እንኳ ይላቀቃል። ፍቀሽ ፍቀሽ ንጹሕ ሆነ ስትይ ስስ ቅባት የመሰለ ነገር ይቀርበታል። ሁለተኛ፣ ሲቀባ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አለ አይደል?

አዘጋጇ፦ የኔ እሱ ነው። ሦስት ቀን ሸቶኛል።

ጋሼ፦ ያ ሽታ አሴቲክ አሲድ ነው። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ይለቀዋል። ራቁቱን ያለ ብረት ካገኘ ዝገት ይጠራል። ውሃ እንዳይገባ ብለሽ ለብረቱ አሲድ አጠጣሽው። እስቲ ግን ወደ ኋላ እንመለስ፤ መስታወቱ በምን ተይዞ ነው የሚቆመው?

አዘጋጇ፦ እኔ ብሎን ያለው መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ አንድም ብሎን የለም። አንዳንዱ መኪና ላይ በዩሬቴን ቦዲው ላይ ይለጠፋል። ያንቺው ጎሚኒ በሚባለው የጎማ ማቀፊያ ነው የተያዘው። ጎሚኒው ተቆርጦ ከጫፉ ሲታይ የፈረንጆቹን ኤች ፊደል ይመስላል። በአንድ ጎኑ መስታወቱን ይነክሳል፣ በሌላው ጎኑ የቦዲውን ጠርዝ። ከውጭ በኩል ደግሞ መሐሉ ላይ ቀጭን ቦይ አለው። እዚያ ቦይ ውስጥ ገመድ የመሰለ ሌላ ጎማ ይገባል። ቁልፉ እሱ ነው። እሱ ሲገባ ጎሚኒው ይወጠርና ሁለቱንም ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

አዘጋጇ፦ ያን ሁሉ መስታወት በጎማ ንክሻ ብቻ!

ጋሼ፦ ክብደቱን ደግሞ አስቢው። መስታወት በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ለአንድ ካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 6 ሚሊሜትር ሲሆን 15 ኪሎ። ያንቺው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፣ 3 ካሬ ሜትር ገደማ። 45 ኪሎ በጎማ ተነክሶ ነው የምትነጂው።

አዘጋጇ፦ አሁን መንዳት አስፈራኝ።

ጋሼ፦ አይዞሽ፤ ጎማው ጤነኛ ከሆነና ቦዲው ካልተንቀሳቀሰ በደንብ ይይዛል። ችግሩ ግን ቦዲው ይንቀሳቀሳል። ከሥር ረጅም ሻንሲ አለ፣ ሁሉን የሚሸከመው የብረት መሠረት። ከላዩ የቱቦላሬ ብረት አጽም፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ፋይበር። አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ያ ሁሉ ነገር ይጠመዘዛል። የመስታወቱ መስኮት አራት ማዕዘን የነበረው ትንሽ ይዘማል። መስታወቱ ግን አይዘምም። ስለዚህ ልዩነቱን የሚችለው ጎሚኒው ነው። አዲስ ጎማ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ያረጀ ጎማ ደርቋል፣ አጥሯል። መጀመሪያ የሚሸሸው ደግሞ ጥግ ላይ ነው።

አዘጋጇ፦ የኔም ጥግ ላይ ነበር። አድማጮች፣ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር አለ። ጋሼ መጡ፣ የቁልፉን ጎማ ጥጉ ላይ ሳብ አድርገው አወጡ። እኔ ከውጭ መስታወት ላይ በሚጣበቅ የመምጠጫ እጀታ ስገፋ፣ እሳቸው ከውስጥ በፕላስቲክ መክፈቻ የጎሚኒውን ከንፈር እየገለበጡ መስታወቱን አስገቡት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኔ በደስታ ላብድ ነበር።

ጋሼ፦ እኔ ግን አልተደሰትኩም። ምን ብዬሽ ነበር?

አዘጋጇ፦ «ተመልሶ ይወጣል» አሉኝ።

ጋሼ፦ ለምን እንደወጣ ሳናውቅ ነዋ ያስገባነው። እኔ ራሴ ቸኩዬ ነው፣ ጥፋቱ የኔም ነው።

አዘጋጇ፦ ሁለት ወር ሳይሞላው ወጣ። ከዚያ ነው የፕላስተሩ ነገር የመጣው። ያቺን ዘዴ እኔ በጣም ነው የወደድኳት፤ ይንገሩልኝ።

ጋሼ፦ ቀላል ነች። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙባት የወረቀት ፕላስተር አለች። ዙሪያውን በስምንት ቦታ፣ ግማሿ መስታወቱ ላይ ግማሿ ቦዲው ላይ እንድታርፍ አድርገሽ ትለጥፊያለሽ። ከዚያ ጎሚኒው መሐል ላይ በምላጭ ለሁለት ትከፍያታለሽ፤ እጅሽን ቀለል አድርጊ፣ ጎማው እንዳይቆረጥ። ከዚያ በሁለቱም ቁራጭ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በእስክሪብቶ ትሰሪያለሽ። ነድተሽ ስትመለሺ መስመሩ ከተሰበረ መስታወቱ የት እንደሄደ፣ በየት በኩል እንደሄደ ይነግርሻል።

አዘጋጇ፦ ኮሮኮንች መንገድ ላይ ነድቼ ተመለስኩ። በግራ በኩል አራቱም መስመሮች ቀጥ እንዳሉ ናቸው። በቀኝ ከታች ያለው ትንሽ ፈንገጥ ብሏል። በቀኝ ከላይ ያለው ግን የእርሳስ ውፍረት ያህል ወርዷል። አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት።

ጋሼ፦ ያኔ ነው የጠየቅሁሽ፣ «የመግቢያው በር እንዴት ነው የሚዘጋው?» ብዬ።

አዘጋጇ፦ አዎ! በሩ ከላይ ይፋተጋል። ከገዛሁት ጀምሮ እየተፋተገ ነው፤ ያረጀ በር ነው ብዬ ትቼው ነበር። ለካ ከመስታወቱ ጋር ዘመድ ናቸው።

ጋሼ፦ በሩም በቀኝ ነው፣ ፉጨቱም በቀኝ ነው። ሜትር አውጥተን የመስታወቱን መስኮት በሰያፍ ለካን። ከግራ ታች እስከ ቀኝ ላይ፣ ከዚያ ከቀኝ ታች እስከ ግራ ላይ። ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም። አፉ ተጣሟል ማለት ነው። የውስጡን መሸፈኛ ስናነሳ ተገኘ። ከመስታወቱ ሥር የሚያልፈው አግዳሚ ቱቦላሬ ከቀኙ ምሰሶ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ዝጓል። ብየዳው ተሰንጥቋል። በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው የዝገት ቅርፊት እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ። የምሰሶው ሥር ሲላላ ጫፉ ይወዛወዛል። ጫፉ ላይ ደግሞ ያንቺ የሚያፏጨው ጥግ አለ።

አዘጋጇ፦ እና ዝገቱ የኔ ሲሊኮን ሥራ ነበር?

ጋሼ፦ ኧረ የለም፣ የዓመታት ውሃ ነው። ከላይ የገባ ውሃ ወርዶ ሥሩ ላይ ይተኛል። አንቺ ትንሽ ነው ያገዝሽው።

አዘጋጇ፦ አመሰግናለሁ፣ ቀለለኝ። ብሎኖቹንም አይተናል አይደል?

ጋሼ፦ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን? አዎ፣ እነሱ ደህና ነበሩ። ግን ሁልጊዜ መታየት አለባቸው። አንድ ሌላ ነገርም ልንገርሽ። የሞተርሆም ማስተካከያ እግሮች አሉ፣ ስትቆሚ ቤቱ እንዳያዘነብል የሚያነሱት። ሰው አንዱን የፊት እግር ብቻ ይጫነዋል። ጎማው ከመሬት ሊነሳ ይደርሳል። ሻንሲው ተጠምዝዞ ነው ሌሊቱን የሚያድረው። ሳይነዳ፣ ቆሞ እያለ መስታወቱ የወጣበት ሰው አውቃለሁ። የፊቶቹን ሁለቱን አብረሽ፣ የኋላዎቹን ሁለቱን አብረሽ ነው ማንሳት።

አዘጋጇ፦ ወደ ጥገናው እንግባ። መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አወጣነው።

ጋሼ፦ ጎሚኒው ሊቀየር ስለሆነ አልታገልነውም፣ በቢላ ቆርጠን አነሳነው። መስታወቱን ግን ሁለት ሰው ሆኖ በመምጠጫ ነው። ብርድ ልብስ ላይ በጠርዙ ቆመ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ነው፣ መሐሉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ሆዱ ላይ ጠንካራ ነው። ጠርዙ ላይ ግን ፈሪ ነው። ብረት ነክቶት ትንሽ ከተሸረፈ፣ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል።

አዘጋጇ፦ ፕላስቲኩን ማን እንዳሰበው ያውቃሉ? ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1903 የላብራቶሪ ጠርሙስ ወደቀበት። ተሰነጠቀ፣ ግን አልተበታተነም። ውስጡ የደረቀ ሴሉሎስ ናይትሬት ይዞት ነበር ይባላል። በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ጋሼ፦ እኔ ዕቃ ስጥል ሚስቴ እንጂ ማንም አይመዘግብልኝም። ይኸውልሽ፣ ከዚያ ብየዳው። የመኪናውን ባትሪ ፈታን፣ ፋይበሩንና ምንጣፉን እሳት በማይበላው ጨርቅ ሸፈንን፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችን አስቀመጥን። የዛገውን ቆርጠን አዲስ ቱቦላሬ ከተትን። ግን ከመበየዱ በፊት ሰያፉን በክሪክ አስተካክለን ለካን። ጠማማውን እንደያዘ ከበየድሽው፣ ጠማማውን አጸናሽው ማለት ነው። ከዚያ አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ ሳይደርቅ ጎማ አይነካውም።

አዘጋጇ፦ አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ሲባጎው!

ጋሼ፦ አንቺ ንገሪያቸው።

አዘጋጇ፦ አዲሱ ጎሚኒ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ዙሪያውን ይለብሳል። ሳይወጠር! ጋሼ ከልኩ ትንሽ አስረዝመው ነው የቆረጡት፣ ጎማ ውሎ አድሮ ያጥራላ። ከዚያ ቦዲውን በሚነክሰው ጎን ቦይ ውስጥ ሲባጎ ዙሪያውን ይገባል። ሁለቱ ጫፎች ከታች መሐል ላይ ይተላለፉና ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል። መስታወቱ ከውጭ ይደገፋል። አንዱ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይገፋል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል።

ጋሼ፦ ሳሙና እንጂ ዘይትና ግሪስ አይሁን፣ ጎማ ያሳብጣሉ።

አዘጋጇ፦ እኔ ነበርኩ ሳቢዋ። ሲባጎው ሲወጣ የጎማው ከንፈር ከብረቱ በላይ እየተገለበጠ ይገባል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ጥግ ላይ ስደርስ ቆመ። አልሳብም አለ። በጉልበት ልጎትት ስል ጋሼ ከውጭ ጮኹ።

ጋሼ፦ ጎማው ይቀደዳላ! እንዲህ ሲሆን ጉልበት ሳይሆን ሳሙና ነው የሚጨመረው። ከውጭ እኔ ቀስ እያልኩ ስመታው አለፈ። በመዳፍ ነው የምመታው፣ በመዶሻ እንዳይመስላችሁ። የቁልፉ ጎማ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ለሱ የራሱ መሣሪያ አለው።

አዘጋጇ፦ በማስቲሽ ለተለጠፈው ዓይነትስ ይህ ይሠራል?

ጋሼ፦ አይሠራም። እሱ አሮጌው ዩሬቴን ተቆርጦ፣ ማስቲሹ እንዲይዝ ፕራይመር የሚባለው ቅብ ተቀብቶ፣ አዲስ ተደርጎ ነው። ዩሬቴን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው የሚጠነክረው። ብርድና ደረቅ አየር ያዘገዩታል። መቼ መነዳት እንደሚችል ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ማክበር ነው። እኔ ብሆን ለባለሙያ እሰጠዋለሁ።

አዘጋጇ፦ መንገድ ላይ ድንገት ቢወጣስ?

ጋሼ፦ ዳር ይዘሽ ቁሚ። ሰፊ ጠንካራ ፕላስተር ከመስታወቱ ወደ ቦዲው አሻግረሽ ለጥፊ፣ እይታሽንና የዝናብ መጥረጊያውን ሳትነኪ። ከዚያ በዝግታ እስከ ጋራዥ።

አዘጋጇ፦ ውሃውንስ እንዴት እንደፈተሽነው?

ጋሼ፦ በጎማ ቱቦ፣ ያለ ግፊት። ከታች ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመርሽ ውሃው ወርዶ ሁሉም ቦታ ያፈሰሰ ይመስላል። አንድ ሰው ከውስጥ በባትሪ መብራት ይጠብቃል።

አዘጋጇ፦ ጠበቅሁ፣ ምንም ጠብ አላለም። በሩም ዝም ብሎ ይዘጋል አሁን። ፕላስተሮቹን ግን አላነሳኋቸውም። አዲስ ለጥፌ፣ አዲስ መስመር ሠርቼ ነው የምነዳው። ሰው ሲያይ «መኪናሽ ተሰንጥቋል እንዴ?» ይለኛል።

ጋሼ፦ ዛሬ ጠዋት አየሻቸው?

አዘጋጇ፦ አይቻለሁ። ስምንቱም ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ግን የግራ ታችኛዋ ላይ አሁንም ዓይኔ ይጠረጥራል፤ ከዚህ ስንወጣ አብረን እንያት።

ጋሼ፦ ምላጭና እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ።