አምስት ከተማ በአምስት ቀን አልሄድም

የማኅበራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው ጣሊያን አገር ስላለችው ፍሎረንስ፣ ስለ አምናው ጉዟችን፣ ሪፖርት አቅርብ ብሎኛል። አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ሪፖርቱ አጭር ነው። ከሙኒክ ሌሊት ተነሳን፣ ደረስን፣ ተመለስን። ሰው አልጠፋም። አንድ ጃንጥላ ጠፍቷል። አለቀ።

የተረፈችኝን ደቂቃ ግን ለራሴ ጉዳይ ልጠቀምባት፤ ኮሚቴው ለዘንድሮ ያቀረበውን የአምስት ከተማ ጉዞ ልቃወም ነው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን ማየት ጀምረዋል። ይዩ።

ታስታውሳላችሁ፣ አውቶቡሱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከመሀል ከተማው ራቅ አድርጎ አወረደን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚሁ ተገኙ ተባልን። በጠቅላላው የተሰጠን አምስት ሰዓት ነው። ከዚያም ላይ የእግር መንገዱ ወሰደ። መጸዳጃ ቤት ፍለጋው ወሰደ። አስጎብኚው ቀይ ጃንጥላ ዘርግቶ ከፊት ይሮጣል፣ እኛ ጃንጥላ እያየን ከኋላ እንሮጣለን። እኔ በዚያን ቀን ከፍሎረንስ በደንብ ያየሁት ያንን ጃንጥላ ነው።

የከተማው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ካቴድራሉ ጋ ስንደርስ ከመካከላችን አንዲት እናት ደከማቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዛሬም እዚህ ፊት ለፊቴ ናቸው፣ እየሳቁብኝ ነው። እማማ፣ ይፍቀዱልኝና ልናገር። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ደወለች። «የት ነሽ እማዬ?» አለች። እሳቸውም የአደባባዩን ስም ከአስጎብኚው ሰምተው ነበርና «ፒያሳ ነኝ» አሉ። ልጅቷ ጮኸች። «መቼ ገባሽ? ለምን ሳትነግሪኝ?» ልታመጣቸው ታክሲ ልትጠራ ደርሳ ነበር። ለነገሩ አልተሳሳቱም። የኛ ፒያሳ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጣሊያንኛው ነው። እዚያ አገር አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው።

ስልኩን ዘጉና ቀና ብለው ጉልላቱን አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ልጄ፣ አንተ ግንበኛ አይደለህ? ይሄ እንዴት ሳይወድቅ ቆመ?» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ከጡብ ጋር ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ይጠይቀዋል? አፌን ከፈትኩ። ጃንጥላው ተነሳ። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ አውቶቡሱ!» እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው። መልሱ አፌ ውስጥ ቀረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱንም በቅጡ አላውቀውም ነበር። ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። በጥቅምት ብቻዬን ባቡር ተሳፍሬ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ። እና እማማ፣ ዘግይቼም ቢሆን ልመልስልዎ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያው ላይ 45 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይዞ ብዙ ዓመት ቆሟል። ስምንት ማዕዘን ነው። ጉልላት ሲሠራ የነበረው ወግ ከሥር በእንጨት መደገፍ ነው። ለዚህ ስፋትና ለዚህ ከፍታ የሚሆን ድጋፍ ማቆም ግን የሚሞከር አልነበረም። በ1420 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው) ሥራው ሲጀመር ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የሚባል ሰው ያለ ድጋፍ እሠራዋለሁ አለ። ሙያው ወርቅ ሠሪነት ነበር። ሳቁበት።

ምን አደረገ? አንዱን ጉልላት በሌላው ውስጥ አድርጎ ሁለት ሠራ። ጡቡን ያስተኛል፣ በየመሀሉ ደግሞ አንዳንዱን ጡብ ያቆማል። የቆመው ጡብ የተኛውን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ጭቃው እስኪደርቅ ማለት ነው። አንዱ ዙር ሲገጥም ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ሌላው ዙር በሱ ላይ ይቀጥላል። ለርስዎ ሲሆን ይህን ሁሉ ማውራት አያስፈልገኝም። የመሶብ ክዳን ነው። እርስዎ ክዳን ሲሰፉ ከሥር ምን ይደግፉታል? ምንም። ዙር በዙር እየጠበበ ራሱ ይቆማል። በ1436 ተባረከ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ጡብ ገብቶበታል። ጡቡን ወደ ላይ የሚጎትተውን ማሽን የሚያዞሩት በሬዎች ነበሩ።

እኔ ወጥቼዋለሁ። 463 ደረጃ ነው፣ መወጣጫው በሁለቱ ጉልላቶች መካከል ያልፋል። አጠገቤ ያሉት ፈረንጆች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ይቆማሉ፣ እኔ ጡብ ለመዳበስ እቆማለሁ። የቆመውን ጡብ በእጄ ነካሁት። አለቀስኩ ብል ትስቁብኛላችሁ።

ሌላም ነገር ልጨምር። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተነሱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ገብተዋል። የገዳሙ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ነበሩ የላኳቸው፣ ዲያቆን ጴጥሮስ ነበሩ የተናገሩላቸው፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ትልቅ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ዘመኑን አስሉት። ጉልላቱ ከተባረከ አምስት ዓመቱ ነው። አናቱ ላይ የምናየው ነጩ የእብነበረድ ማማ ገና አልተጀመረም። እነዚያ አባቶች ያንን ጉልላት ያዩት ሳይከደን ነው፣ ጫፉ ባዶ ሆኖ። እኛ ከነሱ በኋላ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይተን ሄደን፣ እዚያው ቆመን፣ ይህን የነገረን ሰው የለም። አስጎብኚው ስለ ቆዳ ቦርሳ ዋጋ ግን በደንብ ነግሮናል!

ፎቶውስ? ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ አለ። ያ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው ወርቃማ በር። ጊቤርቲ የሚባል ቀራጺ 27 ዓመት የደከመበት። ቅጂ ነው። ዋናው ከካቴድራሉ ጀርባ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል፣ በእግር ሁለት ደቂቃ። ዳዊትስ? የሚካኤል አንጄሎ ሐውልት፣ ሌላው አደባባይ ላይ ያቀፋችሁት ዳዊት? እሱም ቅጂ ነው። ዋናው ከ1873 ጀምሮ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ከሙኒክ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘን ሁለት ቅጂ አይተን ገባን።

እዚያው ፍሎረንስ ሳን ማርኮ የሚባል የመነኮሳት ቤት አለ። ከ40 በላይ ትንንሽ ክፍሎች አሉት። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ። የሣሉት ፍራ አንጀሊኮና ረዳቶቹ ናቸው፣ እሱ ራሱም መነኩሴ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አንድ መስኮትና አንድ ሥዕል። እዚያ የሚኖረው መነኩሴ ጠዋትም ማታም የሚያየው ያንን ብቻ ነበር። አንዱ ክፍል ውስጥ ሰዓቴን ሳላይ ቆምኩ። ስወጣ እግሬ ደንዝዟል። አንድ ሥዕል ለዕድሜ ልክ የተሰጠው ሰው ነበር እዚያ ቤት!

አሁን ደግሞ ኮሚቴው ለዘንድሮ ያቀረበውን ወረቀት አየሁ። ሚላን፣ ቬኒስ፣ ፒሳ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም። በአምስት ቀን። ወገኖቼ፣ እኛ ሰዎች ነን ወይስ ፖስታ? አምና እንደ ጭነት አራገፉን፣ እንደ ጭነት ጫኑን፣ ከፍለን። ዘንድሮ አምስት ጊዜ ልንራገፍ ነው። ፒሳ ላይ የሚቆየው ለአርባ ደቂቃ ነው ይላል ወረቀቱ። አርባ ደቂቃ! ያንን የተዘመመ ግንብ በእጃችን የደገፍን መስለን ፎቶ ተነስተን ልንሮጥ ነው። እኔ በበኩሌ አልሄድም። ስሜን ሰርዙ።

«ብዙ ከተማ ያየ ብዙ ያውቃል» የሚሉ አሉ፣ አውቃለሁ፣ አንዱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው ያለው። ከቡና በኋላ እንነጋገራለን።

የኔ ሐሳብ አንድ ከተማ፣ አራት ቀን ነው። ፍሎረንስ ካልተፈለገ ሌላ ይሁን፣ ግን አንድ ይሁን። የጉልላቱ ትኬት ቀድሞ ይቆረጣል፣ በር ላይ ደርሶ መለመን የለም። ጉልበት ያመመው አይውጣ። ጾመኛ አይራብም፣ የባቄላና የጎመን ሾርባ ከዳቦ ጋር አላቸው። ዳቦው ጨው የለውም፣ ልማዳቸው ነው። ሒሳቡን ገንዘብ ያዡ ያስረዱ።

እማማ ቅድም በር ላይ አግኝተውኝ «ብትሄዱ እኔ ደረጃውን አልወጣም፣ እዚያችው ድንጋይ ላይ ታስቀምጡኛላችሁ» ብለውኛል። ቦታቸውን ይዣለሁ። ወጡ ሳይቀዘቅዝ እጅ እናውጣ። ሊቀመንበር፣ ይኸው ማይኩ።