ከጉሬው ራቅ ብላችሁ ቁሙ

ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ነገ ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሌ ትነሳላችሁ። ሻንጣውን ገና ያልሸከፈ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ አላስመሻችሁም። የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። የቀይ ቀበሮ ግልገሎችን ፎቶ ስታነሱ የት መቆም እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ወር ያህል ታረግዛለች፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ትወልዳለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው አልተገለጠም፣ ጥርስም የላቸውም። ከጉሬው ብቅ የሚሉት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ነው። ስለዚህ እናንተ ባሌ ፓርክ ውስጥ ሳነቲ አምባ ላይ ስትደርሱ አንዳንዶቹ ፀሐይ ማየት ጀምረዋል ማለት ነው። ቀይ ይሆናሉ ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ፀጉራቸው ከሰል የመሰለ ግራጫ ነው፤ ደረታቸው ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም አለ። ቀዩ በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

እንዲህ ያለ ግልገል በሌንስ ውስጥ ሲገባ ልብ ይሰርቃል። ሰውም ያኔ ነው «እስቲ ትንሽ ቀረብ ልበል» የሚለው። ሃያ እርምጃ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሃያ።

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቀይ ቀበሮዎች ስጋት ሲገባቸው ግልገሎቻቸውን ወደ ሌላ ጉሬ ያዛውራሉ። አዲሱ ቦታ አንዳንዴ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገዱ ደግሞ ገላጣ ሜዳ ነው። ከላይ ንስር ያንዣብባል፣ ሌሊት ጅብ ይዞራል፣ ብርዱም ከዜሮ በታች ይወርዳል። እናንተ ፎቶውን ይዛችሁ ሎጅ ገብታችሁ ሻይ ስትጠጡ፣ የአራት ሳምንት ግልገል በዚያ ብርድ ውስጥ ቤት ሊቀይር ይችላል።

በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ይኖራሉ፤ የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ ተራሮችና በሰሜን ተራሮች ተበታትነዋል። በአንድ መንጋ ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ እሷም በዓመት አንዴ። አንድ ጉሬ ሲረበሽ የመንጋው የዓመት ልጆች በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

ታዲያ የት እንቁም? ሳነቲ ላይ ከመኪናው አትውረዱ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ አምባውን 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አቋርጦ ያልፋል። እዚያ ያሉት ቀበሮዎች መኪና ለምደዋል፣ ብዙም አይደነግጡም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲያዩ ግን ሁኔታቸው ይለወጣል። ስለዚህ ሌንሱን መስኮቱ ላይ አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጠብቁ። ዌብ ሸለቆ በእግር ከገባችሁ ደግሞ ከስካውቱ፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂ፣ አትለዩ። እኔ ግልገል ያለበት ጉሬ ካየሁ ከሦስት መቶ ሜትር አልፌ አልጠጋም። ይህ የራሴ ልክ ነው። ከሜትሩ ይልቅ ግን ትልቁን ቀበሮ እዩት። ጆሮውን አቁሞ እናንተ ላይ ካፈጠጠ፣ ወይም ከጮኸ፣ ቀርባችኋል ማለት ነው። በመጣችሁበት መንገድ ዝም ብላችሁ ተመለሱ።

«ከዚያ ርቀት ግልገሉ ነጥብ ያክላል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው የሚሆነው። ለእኔ ግን የተሻለው ፎቶ እሱ ነው። ፊቱ ብቻ ፍሬሙን የሞላ ግልገል የትም ቦታ ያለ ግልገል ሊሆን ይችላል። ጅብራው፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት፣ ከኋላው የሚነሳው ጉም አብሮ ሲገባ ነው ባሌ መሆኑ የሚታወቀው።

ደግሞም ራቅ ስትሉ ሙሉውን ታሪክ ታያላችሁ። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አልጠግበውም። ትልልቆቹ ቀን ቀን ለየብቻቸው አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ ይውላሉ። አንዱ ብዙውን ጊዜ ጉሬው ጋ ሆኖ ይጠብቃል። አዳኙ ሲመለስ ግልገሎቹ ገና ከሩቅ ያውቁታል። እየተንከባለሉ ይሮጡና አፉን ይልሳሉ፣ ይነካካሉ። እሱም በሆዱ ይዞ የመጣውን ሥጋ ያወጣላቸዋል። ይህን የሚያደርጉት እናትና አባት ብቻ አይደሉም። አክስቱም፣ ታላቅ ወንድሙም ያበላል። አንዳንዴ ያልወለደች ሴት ሳትቀር ታጠባለች። መንጋው በሙሉ አሳዳጊ ነው። ይህ የሚታየው ግን ቀበሮዎቹ እናንተን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሥራቸውን ሲሠሩ ብቻ ነው። ሰው አጠገባቸው ከተቀመጠ አዳኙ ከሩቅ ይቆማል፣ ግልገሎቹም ሳይበሉ ይቆያሉ።

አንድ ሌላ ነገር አስቡ። በዓለም የታወቁት የቀይ ቀበሮ ፎቶዎች አብዛኞቹ ከውጭ በመጡ ሰዎች የተነሱ ናቸው። ጥሩ ሥራ ነው፣ አደንቃቸዋለሁ። ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ይቸኩላል። እናንተ የአገሩ ሰዎች ናችሁ። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ትመለሳላችሁ። መጋቢት ላይ ሂዱ፤ ግልገሎቹ አድገው፣ ከጉሬው ርቀው፣ አይጥ ለመያዝ ሲሞክሩ ታገኟቸዋላችሁ። ያኔ እናንተ ሳትጠጉ ራሳቸው ወደ እናንተ ሊመጡ ይችላሉ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። ፍላሽና ድሮን ቤት ይቅሩ። ከላይ የሚያንዣብብ ነገር ለግልገል ጥሩ ዜና ሆኖ አያውቅም። የስልካችሁን ሎኬሽን አጥፉ፤ የጉሬውን ቦታ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አትጻፉ። ምግብ አትወርውሩላቸው፣ ብስኩትም ቢሆን።

የመጨረሻው ስለ ውሻ ነው። ለቀይ ቀበሮ ከከፉት ጠላቶች አንዱ ከመንደር ውሾች የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ደጋግሞ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ወረርሽኝ ከዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ጨርሷል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም እንዲሁ በተለያየ ጊዜ ብዙ ገድሏል። ውሾችን መከተብ ከተጀመረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ይሰጣል። እናንተም ልትረዱ ትችላላችሁ። ቀበሮዎች አጠገብ ውሻ ካያችሁ፣ ወይም የሚንገዳገድ፣ የታመመ፣ የሞተ ቀበሮ ካገኛችሁ፣ አትንኩ። ከሩቅ ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግቡ፣ በዚያው ዕለት ለስካውቱ ስጡት። ይህ ፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ አይሰቀልም። የጤና ባለሙያዎቹ ግን በቶሎ እንዲደርሱ ያደርጋል።

ዲንሾ ስትደርሱ መጀመሪያ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቡና የትኞቹ መንጋዎች እንደወለዱ፣ የት አካባቢ መሄድ እንደሌለባችሁ ጠይቁ። ስካውቱ «እንመለስ» ካለ ተመለሱ፤ ብርሃኑ ምንም ያህል ቢያምር።

መልካም መንገድ። አመሰግናለሁ።