ድንኳኑና ጓዳው፦ ዋሽንግተን ካፒታልስ እና ሄርሺ ቤርስ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ በረዶ ሆኪ ነው። አዎ፣ ሆኪ። አሁኑኑ ሊዘጋው ጣቱን ያነሳ እንዳለ አውቃለሁ። ቆይ! አትቸኩል ወንድሜ፣ ቆይልኝ።

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ይሄንን አይታችኋል። ማታ በሜትሮ ቻይናታውን ስትደርሱ ባቡሩ ቀይ በቀይ ይሆናል። ማልያ፣ ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ ሁሉም ቀይ። ግማሹ ሰው ጀርባው ላይ 8 ቁጥር አለ። ኦቬችኪን፣ የቡድኑ ኮከብ። እነዚህ የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊዎች ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ።

የዛሬው ወሬ ግን ስለ ካፒታልስ ብቻ አይደለም። ከዲሲ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ሄርሺ የምትባል ከተማ አለች። ቸኮሌቷን ሁላችሁም በልታችኋል። ዋናው መንገዷ «ቸኮሌት አቬኑ» ነው የሚባለው፤ የመንገድ መብራቶቹ ራሳቸው የቸኮሌት ቅርጽ አላቸው። ቀልዴን አይደለም፣ ሄዳችሁ እዩ። የዚያች ከተማ የሆኪ ቡድን ሄርሺ ቤርስ ይባላል። ድቦቹ ማለት ነው። ማልያቸውስ? ቡናማ። እንግዲህ ምን ሊሆን ኖሯል!

ካፒታልስ የሚጫወተው በትልቁ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል ነው። ቤርስ ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ባለው በኤ ኤች ኤል። ሁለቱ አጋር ናቸው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ካፒታልስን እደግፋለሁ እያለ ቤርስን የማያውቅ ሰው ግማሽ ደጋፊ ነው። የተናደደ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ፤ ለቻናሉ ጥሩ ነው።

(ምስል፦ የሠርግ ድንኳን)

እሺ። ሠርግ እናስብ። ትልቅ የሰፈር ሠርግ፣ ድንኳን የተተከለበት።

ድንኳኑ ውስጥ ምን አለ? ሙሽሮች አሉ። ሚዜዎች አሉ። መብራት፣ ዘፈን፣ ቪዲዮ አንሺ አለ። እድምተኛው ለብሶ ተሽቀርቅሮ ተቀምጧል። ሁሉም ያማረ ነው። አሁን ከድንኳኑ ጀርባ ዙሩ። ጓዳ ግቡ። እዚያ ሽንኩርቱ ከሌሊት ጀምሮ ሲቁላላ ነው ያደረው። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። አንዷ ታማስላለች፣ አንዷ ዶሮ ትበልታለች፣ አንዷ እንጀራ ትቆጥራለች። መሐል ላይ ዋናዋ ወጥ ሠሪ አለች፤ ማማሰያ ይዛ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ሁሉንም የምታዝ። ቪዲዮ አንሺው እዚያ አይገባም። ቢገባም ይባረራል!

ድንኳን ውስጥ በድንገት «ወጥ አነሰ» ተባለ እንበል። ጎረምሳው ሮጦ ይመጣል። «ጨምሩ!» ጓዳ ያሉት ምን ያደርጋሉ? ከድስቱ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ይሰጣሉ። እንቁላሉን ሳይቀር። ጓዳ ለሚበሉት የሚተርፈው መረቁ ነው።

ካፒታልስ ድንኳኑ ነው። ቤርስ ጓዳው ነው። ማክሰኞ ማታ አንድ አጥቂ ዋሽንግተን ላይ ጉልበቱ ተጎዳ? ሄርሺ ስልክ ይደወላል። «ጨምሩ!» የሚሄደውም ደካማው ተጫዋች አይደለም፤ የቤርስ ምርጡ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቤርስ ከባድ ጨዋታ አለበት? ያው፣ በመረቁ ይጫወታል።

ታዲያ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጓዳው የሠርገኛው አይደለም። የጎረቤት ነው! የራስ ጓዳ ሲጠብ ጎረቤት ቤቷን ትሰጥ የለ? ሥጋውን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን የላከው ሠርገኛው ነው። ቤቱ ግን የሷ ነው። ደንቡም የሷ ነው። ካፒታልስ ወጣቶቹን ያስፈርማል፣ ደሞዝ ይከፍላል፣ ማን ይምጣ ማን ይቆይ ይላል። የቤርስ ባለቤት ግን ካፒታልስ አይደለም፤ የሄርሺ የመዝናኛና የሆቴል ኩባንያ ነው። ያው የቸኮሌቱ ሰውዬ፣ የሚልተን ሄርሺ ውርስ።

ጎረቤቲቱ ደግሞ ከሠርገኛው በዕድሜ ትበልጣለች! ቤርስ የተመሠረተው በ1938 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳታምታቱ።) ካፒታልስ በ1974። ዋሽንግተን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ሄርሺ 5 ጊዜ የካልደር ዋንጫ ወስዶ ነበር። ካልደር ማለት የኤ ኤች ኤል ዋንጫ ነው። ዛሬ 13 ደርሰዋል። በሊጉ ታሪክ ማንም ያን ያህል የለውም። ከመካከላቸው የ1988ቱ የመጣው የፊላደልፊያ ጓዳ ሆነው ሳለ ነው፤ የ1997ቱ ደግሞ የኮሎራዶ። ሠርገኛው ይቀያየራል፣ ጎረቤቲቱ አለች። ከዋሽንግተን ጋር አሁን ያለው ዝምድና የጀመረው በ2005 ነው፤ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹም አብረው ነበሩ።

ወጥ ሠሪዋንም እኮ ይወስዷታል! ኅዳር 2007 ካፒታልስ የሊጉ ጭራ ነበር። አሰልጣኙን አባረሩና የሄርሺውን ብሩስ ቡድሮን ጠሩ። ሰውዬው ከጭራ አንስቶ የምድብ አሸናፊ አደረጋቸው፤ የዓመቱ አሰልጣኝም ተባለ። አሁን ደግሞ ስፔንሰር ካርበሪ አለ። ከኤ ኤች ኤል በታች ባለው ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጀመረ። ከዚያ ሄርሺ መጣ። በ2023 ዋሽንግተንን ያዘ። በ2025 የኤን ኤች ኤል የዓመቱ አሰልጣኝ ሆነ። በሦስቱም ደረጃ ይሄንን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው። በሦስቱም!

እስካሁን ካልሰለቻችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ነካ። እቀጥላለሁ።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የኤን ኤች ኤል ክለብ በዋናው ቡድን የሚይዘው ቢበዛ 23 ተጫዋች ነው። ኮንትራት ግን እስከ 50 ሰው ድረስ ማስፈረም ይችላል። ትርፉ ታች፣ እንደ ሄርሺ ባለ ቡድን ውስጥ ነው። ወጣቶቹ ኮንትራታቸው ባለ ሁለት ደሞዝ ነው፦ ላይ ሲሆኑ አንድ፣ ታች ሲሆኑ ሌላ። በ2025-26 ላይኛው ሊግ ላይ ትንሹ የዓመት ደሞዝ 775,000 ዶላር ነው። የሚታሰበው በቀን ስለሆነ ሦስት ቀን ላይኛው ሊግ ውስጥ ማደር ራሱ ቀላል ብር አይደለም። ቀጥሎ ዌቨር የሚሉት አለ። ዕድሜውም የጨዋታ ብዛቱም ከፍ ያለ ተጫዋች ወደ ታች ሊላክ ሲል፣ መጀመሪያ ለሌሎቹ 31 ክለቦች ለ24 ሰዓት ይቀርባል። የፈለገው ክለብ ከነኮንትራቱ ይወስደዋል። ለጋዎቹን ይህ አይመለከታቸውም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሁለቴ በዚያ መንገድ የሚመላለሰው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ብራደን ሆልትቢ፣ በረኛ። በ2012 ጸደይ የዋሽንግተን ሁለቱም በረኞች ተጎዱ። ሁለቱም! ያውም ለጥሎ ማለፍ ዋዜማ። ተጋጣሚው ደግሞ ቦስተን፣ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን። ከሄርሺ የመጣው የ22 ዓመቱ ሆልትቢ ግብ ስር ቆመ። ሰባት ጨዋታ ተደረገ። ሰባቱም በአንድ ግብ ልዩነት ነው ያለቁት። ሰባተኛው ተጨማሪ ሰዓት ገባ፤ የዋሽንግተኑ ጆኤል ዋርድ ግብ አገባና ቦስተን ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ልጅ ከ6 ዓመት በኋላ ግብ ስር ቆሞ ካፒታልስን ለመጀመሪያው የስታንሊ ዋንጫ፣ ማለትም ለኤን ኤች ኤል ዋንጫ፣ አበቃ። የ2018ቱን ቡድን እዩት፦ ሆልትቢ፣ ካርልሰን፣ ቢግል፣ ሁሉም ሄርሺ ያለፉ ናቸው። ጄይ ቢግል እንዲያውም የሦስቱንም ደረጃዎች ዋንጫ በማንሳት የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። ኦቬችኪን ግን ጓዳን ሳይረግጥ በቀጥታ ድንኳን ነው የገባው። እሱ ሙሽራ ሆኖ ነው የተወለደው፣ ተዉት።

(ምስል፦ የተመልካች ጥያቄዎች)

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ። ስለ ሆኪ ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ በየቪዲዮው ሥር ይመጣል። «ቤርስ በ2023ም በ2024ም ዋንጫ ከወሰደ ለምን ወደ ኤን ኤች ኤል አላደገም?» ሌላው ይቀጥላል፦ «ተበድለዋል!» ሦስተኛው፦ «አሜሪካ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» ምነው ሸዋ!

ወገን፣ ማደግ የለም። መውረድም የለም። ሁላችንም በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያደግን ነን፤ ሦስት ይወርዳል፣ ሦስት ያድጋል፣ ግንቦት ላይ እናለቅሳለን። እዚህ እንደዚያ አይሠራም። ኤን ኤች ኤል የተዘጋ ማኅበር ነው። አባላቱ 32 ናቸው። መግባት የፈለገ በዋንጫ አይገባም፣ በገንዘብ ነው። ላስ ቬጋስ በ2017 ለመግባት 500 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ሲያትል በ2021 ሲገባ 650 ሚሊዮን። ቤርስ በየዓመቱ ካልደርን ቢያነሳ፣ ሃምሳ ዓመት በተከታታይ ቢያነሳ፣ እዚያው ነው።

መውረድም ስለሌለ ጉድ ይታያል። ካፒታልስ በመጀመሪያ ዓመቱ 80 ጨዋታ ተጫውቶ ስንት አሸነፈ? 8። ስምንት! 67 ተሸነፈ። ከሜዳው ውጪ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፈው፤ ያን ቀን ተጫዋቾቹ የቆሻሻ ባልዲ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው በደስታ በረዶው ላይ ዞሩ። በእንግሊዝ ቢሆን ቁልቁል ወርዶ ስሙን የሚያስታውሰው አይገኝም ነበር። እዚህ ግን በቀጣዩ ዓመት ያው ሊግ ውስጥ ቀጠለ።

«ታዲያ ቤርስ ለምን ይለፋል? ለማን ብሎ?» የሚለኝም አለ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ለራሱ ነዋ! ለካልደር ነዋ! ወደ ላይ የሚወስድ በር ከሌለ ያለህ ዋንጫ ይኸው ነው፤ ሄርሺዎች ደግሞ እንደ ነፍሳቸው ነው የሚይዙት። በ2023 ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ደረሰ፤ ከኮቼላ ቫሊ ጋር፣ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄደው። ተጨማሪ ሰዓት። የቤርሱ ማይክ ቬኪዮኒ ግብ አገባ። በዓመቱ ያንኑ ቡድን ገጥመው አሁንም በተጨማሪ ሰዓት ግብ ዋንጫውን ደገሙት። ጓዳ ያሉት ሴቶች እልልታቸው ከድንኳኑ አያንስም፣ በልጦ ያውቃል።

«የሕፃናት ቡድን ነው» የምትሉም ተሳስታችኋል። በኤ ኤች ኤል ሕግ ከበረኞቹ ውጪ ከሚሰለፉት 18 ተጫዋቾች ቢያንስ 13ቱ ገና ብዙ ያልተጫወቱ መሆን አለባቸው። የተቀሩት በዚህ ሥራ ያረጁ፣ ልጅና ሚስት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ፀቡም እዚህ ጋ ነው። ዋሽንግተን ልጆቼ ይጫወቱ፣ ይማሩ ይላል፤ የሄርሺ ደጋፊ ግን ትኬት የገዛው ማሸነፍን ለማየት ነው። እውነቱን ልናገር? እኔ ካፒታልሶች ከሄርሺ ሰው በጥሎ ማለፍ መሐል ሲያነሱ ቀይ ማልያ ለብሼ እንኳ ለቤርስ አዝናለሁ። ልጁ ዋሽንግተን ደርሶ ወንበር ላይ ከሆነ የሚቀመጠው፣ ምነው እዚያው ቢጫወት!

አንድ ነገር ላሳያችሁና ላብቃ።

(ምስል፦ አሻንጉሊቶች ከየአቅጣጫው ሲወረወሩ)

ይሄ ጃይንት ሴንተር ነው፣ የቤርስ ሜዳ። ከአሥር ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ይይዛል። በዓመት አንድ ቀን፣ ቤርስ የመጀመሪያዋን ግብ ሲያገባ፣ ሕዝቡ ይዞት የመጣውን አሻንጉሊት ሁሉ በረዶው ላይ ይወረውራል። ድብ፣ ጥንቸል፣ ዝሆን፣ ከላይኛው ወንበር ጀምሮ ይዘንባል። አንዳንዱ ሰው ሙሉ ጆንያ ነው የሚገለብጠው። በረዶው አይታይም። ጨዋታው ይቆማል። ጥር 2025 ላይ ሲቆጠር 102,343 ሆነ! የራሳቸውን ክብረ ወሰን ነው የሰበሩት። በነፍስ ወከፍ አሥር ገደማ ማለት ነው። ሁሉም ለበጎ አድራጎት ይሄዳል።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ልጆች ካሏችሁ ውሰዷቸው፣ የመዝናኛ ፓርኩም እዚያው አጠገቡ ነው። ለአሻንጉሊቱ ቀን ግን ትኬት ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ቀድማችሁ ቁረጡ። መጀመሪያ ስትሄዱ ከሊሃይ ቫሊ ወይም ከዊልክስ ባሪ ጋር የሚጫወቱበትን ቀን ምረጡ። አንዱ የፊላደልፊያ ጓዳ ነው፣ ሌላው የፒትስበርግ፤ የላዮቹ ጥላቻ ሳይቀንስ ታች ወርዷል። ለሚቀጥለው ቪዲዮ የደሞዝ ጣሪያውን ሕግ ይዤ እመጣለሁ፤ እሱ ላይ ደግሞ በጣም ነው የምንጣላው። ቻው!