«ያለ ነው»

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ማይክሮፎኑና እኔ ብቻ ነን። የተቀመጥኩትም እግሬን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው። እርጉዝ አይደለሁም፤ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህች አቀማመጥ ግን ከዚያ ዘመን ተርፋ ቀርታልኛለች። ስለ እግር እብጠት እንዳወራ ያነሳሳችኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ ወደ እርሷ ኋላ እመለሳለሁ።

መምህርት ነኝ። የእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ላይ ሚያዝያ ነበር፤ አዲስ አበባ የምትሞቅበት፣ ዝናቡም መጣሁ ቀረሁ የሚልበት ጊዜ። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሜ አስተምራለሁ። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ የማሰሪያው መስመር እግሬ ላይ ተቀርጾ ይጠብቀኛል። ቁርጭምጭሚቴ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ከባቴ እስከ ተረከዜ አንድ ወጥ ሆኗል። በአውራ ጣቴ ተጭኜ ስለቅቀው፣ ሊጥ የተጫንኩ ይመስል ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል።

ለሰው ስነግር መልሱ አንድ ነው፦ «ያለ ነው።» ጎረቤት «ያለ ነው» ይላል፤ የሥራ ባልደረባ «ያለ ነው» ይላል፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆሙ እናት ሳልጠይቃቸው እግሬን አይተው «አይዞሽ፣ ያለ ነው» አሉኝ። ከ«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ቀጥሎ በእርግዝናዬ አብዝቼ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው።

ውሸት ነው ወይ? አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ሰውነት በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ሊትር ተጨማሪ ውኃ ይይዛል፤ ከአምስት ሊትሯ ጀሪካን የሚበልጥ ማለት ነው፣ ያንን ተሸክመን ነው ደረጃ የምንወጣው። ማሕፀን ሲያድግ ደግሞ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚያደርሰውን ትልቁን ደም መልስ ይጫነዋል። ሽቅብ መውጣት ያቃተው ደም እታች ይከማቻል፣ ውኃው ከሥሮቹ እያፈተለከ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቆመን ስንውልና ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ እውነት ነው፣ ያለ ነው።

እኔን ያስቸገረኝ ቃሉ የሚያደርገው ሥራ ነው። «ያለ ነው» ከተባለ በኋላ ወሬው ይዘጋል። ያለ ነገር ከሆነ ምን ይደረግለታል? ትምህርት ቤት ውስጥ ክፍል ውስጥ የምቀመጥበት ወንበር ይሰጠኝ ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩ። «ያለ ነው፤ የእኔም ባለቤት እንደዚሁ ነበረች» ብሎ ሳቀ። ወንበሩ አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ረባሽ ተማሪ፣ ሁልጊዜ የምቆጣው ልጅ፣ የራሱን ወንበር ጎትቶ ሰሌዳው ሥር አኖረልኝና «ቲቸር፣ ይቀመጡ» አለኝ። እርሱ ከጓደኛው ጋር ተጣቦ ሴሚስተሩን ጨረሰ። አሁንም የት እንደደረሰ አስባለሁ።

እኔም ብሆን ብልህ አልነበርኩም። ውኃው እግሬ ውስጥ ከሆነ የተከማቸው፣ ባልጠጣ ይቀንሳል ብዬ መጠጣት ተውኩ። ራስ ምታትና ድርቀት አተረፍኩ፤ እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ደግሞ እግርን ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው ብሎ ሰምቶ፣ አልጋ ላይ በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ግድግዳ ላይ አስደገፈልኝ። ትንሽ ቆይቶ ዓለም ዞረብኝ፤ ላብ አጠመቀኝ፣ ላስመልስ ደረስኩ። ምስኪን፣ እርሱም ከእኔ እኩል ገረጣ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ የምትከታተለኝ አዋላጅ ነርስ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። እርግዝናው ከገፋ በኋላ በጀርባ መተኛት ያንኑ ትልቅ ደም መልስ በሕፃኑ ክብደት መድፈን ነው፤ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ትራሱን ከእግርሽ ሥር አድርጊው አለችኝ። ውኃም ጠጪ፤ ጥማት እብጠት አያወርድም። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ደግሞ ማንም ቢሰጥሽ እንዳትውጪ። ስትቆሚ ተረከዝሽን እያነሳሽ አውርጂ፣ ስትቀመጪ እግርሽን ከቁርጭምጭሚቱ አሽከርክሪ፤ ባት ሲኮማተር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ የተሠራ ጨምቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ አለ፤ ካገኘሽ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ፣ እግርሽ ሳያብጥ አጥልቂው። አፉ ላይ ብቻ የሚያጠብቀው ተራ ካልሲ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያም ለእብጠት የሚያቀርባቸው አማራጮች እነዚሁ ናቸው፦ የሚጨምቅ ካልሲ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ውኃ ውስጥ መነከር። ይህን ኋላ ሳነብ ሦስተኛው አሳቀኝ። መዋኛ ገንዳ የት አለኝ? እኔ ያለኝ ሳፋ ነው።

ሳፋውን ያመጡት አማቴ ናቸው። ከገጠር ሊጠይቁኝ በመጡ በሁለተኛው ማታ፣ ለቡና በርጩማ ላይ ተጣጥፌ ስቀመጥ አይተውኝ ቡናውን ከእጄ ወሰዱ። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አምጥተው ጨው በተኑበትና እፊቴ ተንበረከኩ።

«እማማ፣ ይተዉ፣ እኔ ነኝ እንጂ የእርስዎን የማጥብ!» ብዬ እግሬን ሳብኩ። በእኛ አገር ምራት ናት የአማቷን እግር የምታጥበው። እፍረቱ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ዝም በይ። እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል። ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳ አይደለም?» አሉኝ።

ከጣቶቼ ጀምረው በቁርጭምጭሚቴ አድርገው ወደ ጉልበቴ፣ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ በዝግታ አሹኝ። ጨው ይህን ያህል ተአምር የሚሠራ አይመስለኝም፤ እርሳቸው ቢሰሙኝ ይቀየሙኛል። የሠራው ግን ሌላው ነው፦ ግማሽ ሰዓት መቀመጤ፣ ወደ ላይ የሚገፋው እጃቸው፣ ከዚያም በግራ ጎኔ ተኝቼ እግሬ በሁለት ትራስ ላይ መሰቀሉ። ጠዋት ቁርጭምጭሚቴ ተመልሶ መጣ። እስከ ማታ ድረስ ብቻ ቢሆንም መጣ። እርሳቸው «ያለ ነው» ብለውኝ አያውቁም፤ ዘጠኝ ወልደዋልና ከማንም በላይ ማለት ይችሉ ነበር።

ስምንተኛው ወር ላይ አንድ እሑድ ጠዋት የጋብቻ ቀለበቴ አልወልቅ አለ። በሳሙና ሞከርኩ፣ በዘይት ሞከርኩ። መስታወት ሳይ ዓይኔ ሥር ተነፍቷል። ከዋዜማው ጀምሮ ራሴን ያመኝ ነበር። ጎረቤቴ «ያለ ነው፣ ፀሐይ መትቶሽ ነው» አለችኝ። ልመለስና ልተኛ ነበር። አማቴ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነበር።

ጤና ጣቢያ ደም ግፊቴ 130 በ85 ሆነ፤ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አልተገኘም። ከፍ ብሏል፣ መስመሩን ግን አላለፈም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሺ ተባልኩ፤ ተመለስኩ፣ ወርዶ ነበር። መስመሩ 140 በ90 ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ እዚያ ከደረሰና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ ፕሪኢክላምፕሲያ ይባላል፤ ካልተያዘ እናቲቱን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፣ እርሷንም ልጇንም ሊገድል ይችላል። ነርሷ የነገረችኝን እንደወረደ ልንገራችሁ፦ ማታ ማታ የሚያብጥ ጠዋት የሚጎድል እግር አያስፈራኝም። ድንገት ያበጠ ፊትና እጅ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ሕመም፣ እነዚህ ሌሊትም ቢሆን ያስመጡሻል። አንደኛው እግር ብቻ አብጦ ከጋለና ካመመ ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ እንዳታሺው፣ ነዪ።

አየሁት፤ ያው «ያለ ነው» የሚለው ቃል ሁለቱንም በአንድ ጨርቅ ይጠቀልላቸዋል።

ከወለድኩ በኋላ ወዲያው የሚጎድል መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጠያቂው ገንፎውን እየበላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲለኝ፣ እግሬ ከበፊቱም ብሶ ነበር። ይህም የሚጠበቅ ነው አሉኝ፤ ግፊቱን ግን መለካት አልተዉም፣ ፕሪኢክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊመጣ ይችላልና። ከዚያ ሌሊት ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብና ማለቂያ የሌለው ሽንት ተከተለ። በሁለት ሳምንት የእግሬ አጥንት ታየ። የጫማ ቁጥሬ ግን አልተመለሰም፦ 38 የነበረው 39 ሆኖ ቀረ። በእርግዝና የእግር ጅማት ይላላል፤ አንዳንዶቻችን በዚያው እንቀራለን። 38ቶቹን በሙሉ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት።

እርሷ ናት እንግዲህ ትናንት ከአዳማ የደወለችልኝ። ስድስት ወሯ ነው። «እታለም፣ ጫማዎችሽ አልገባ አሉኝ!» ብላ ትስቃለች።

«ያለ ነው» ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት። «ፊትሽስ? ቀለበትሽ ይወልቃል?» አልኳት።

ዝም አለች፤ ስትሞክር ይሰማኛል። «ይወልቃል» አለች።

«ሁለቱም እግርሽ እኩል ነው ያበጠው?»

«እኩል ነው።»

«ክትትል መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያውስ አሁን የት ነው የተቀመጥሽው?»

«አልተቀመጥኩም፤ ወጥ እየሠራሁ ነው» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ለባሏ ደወልኩ።